የቦጋለ ሞተር

አባቴ ቦጋለ የውድድር መኪና ነበረው ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። ፊደል ባልቆጥርም ያየሁትን አልረሳም፤ እነሱ ፊደል ቆጥረው የትናንት ምሳቸውን አያስታውሱም።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። አባቴ ከመሳለሚያ ዝቅ ብሎ ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ግንድ ላይ የተደፋ ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ከጀርባው አንድ ክፍል ቤታችን። ቀይዋ ሴቼንቶ የተወለደችው እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። ሞተሯ ከኋላ የሆነ ትንሽ ፊያት ናት። ታክሲ ሆና አርጅታ ባለቤቷ የጣላትን አባቴ ወስዶ ፈታት፣ ገጠማት፣ ድምፅዋ አልጥም አለው፣ እንደገና ፈታት። በመጨረሻ ስትነሳ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ወንፊት ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን ቡድን ይሉታል፤ እኛ ስም አላወጣንለትም። አባቴ ሞተሩን ይሠራል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ዘመድኩን ይነዳል። እናቴ ሠርኬ ከሸማ ተራ ያመጣችውን አረንጓዴ ጥለት በሁሉም ሸሚዝ አንገት ላይ ትሰፋለች፤ ፈረንጆቹ አንድ ዓይነት ለብሰው ይመጣሉ ሲሏት እኛስ ከማን እናንሳለን ብላ ነው። ጎረቤታችን ሙናዊር መለዋወጫ ያመጣል። ታናሽ ወንድሜ ጥጋቡ እናቴ ጀርባ ላይ ታዝሎ ያለቅሳል። እኔ፣ ሸዋርካብሽ፣ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ በቤንዚን አጥባለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ሞተሩ ያለ እኔ የሚነሳ አይመስለኝም ነበር።

ሙናዊር አንድ ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና አባቴ እግር ሥር አስቀመጠ።

«ቦጌ፣ በዚህ ካርቡራቶር ካላበረርካት መካኒክነቱን ተወውና ከኔ ጋር ብሎን ሽጥ።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከእናቱ ሆድ። ምን አስጨነቀህ፣ ግጠም!»

ዘመድኩን በር ላይ ቆሞ ፀጉሩን እያበጠረ ይስቃል። ቆንጆ ሰው ነበር፤ ቆንጆነቱንም ያውቃል። «ግጠመውና ተወው፤ ክንፉን የምሰጣት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ መጀመሪያ ፍሪሲዮኗን አታቃጥልብኝ» አለው አባቴ። ሲናገር ግን ዓይኑ ይስቃል። ያኔ ይዋደዱ ነበር። ይህን የምለው የኋላውን ስለማውቅ ነው።

የመጀመሪያው ውድድር ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ነበር፣ በጧት። የከተማው ጣልያኖችና ግሪኮች የሚያበሩ መኪኖቻቸውን ደርድረዋል። እናቴ ጥጋቡን አዝላ መለወጫውን ጎማ እያንከባለለች ስታመጣ አንድ ጣልያን ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ምን ያስገለፍጠዋል? ጎማ አይቶ አያውቅም?» አለች። ጣልያኑ አማርኛ ይሰማ ኖሮ ሳቁን ዋጠ።

ያን ቀን ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣን። በሚቀጥለው ግን አሸነፍን። እሱም በጧት ነበር። ሰፈሩ ዘመድኩንን ትከሻው ላይ አውጥቶ እስከ መሳለሚያ ጨፈረ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን መሬት ጥለው አጨበጨቡ። በማግስቱ ጋራዣችን በር ላይ መኪና ተሰለፈ። «ሞተር ከሆነ ቦጋለ ጋ» ይባል ጀመር። አባቴ ምንም አይልም፤ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ግን ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዱን ጣት ለብቻው መጥረግ ጀመረ።

እኔ የማሸነፋችንን ምሥጢር አውቅ ነበር። ጉበት ነው።

እናቴ ለዘመድኩን ብቻ ጉበት ታመጣለች። ለብ አድርጋ ከምድጃ ስታወርደው እሱ ጋቢ ተከናንቦ እንፋሎቱን በዓይኑ ይታጠናል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይበላዋል። ለኔም ስጡኝ ስል እናቴ እጄን መታ አድርጋ «ይሄ የሾፌር ነው» ትለኛለች። እኔም ለሰፈሩ ልጆች አወራሁ፤ ጉበት የበላ ሰው ይፈጥናል ብዬ። ስንቱ እናቱን ጉበት ካልገዛሽ እያለ ሲያስለቅስ ከረመ።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። ዘመድኩን ከሁሉ አብልጦ ይወደኛል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከጋራዡ ወደ ቤት በገባን ቁጥር እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «ሸዋዬ፣ እስቲ ምሪኝ» ይላል። እኔ ደረቴን ነፍቼ እየመራሁ፣ እዚህ ጋ ባልዲ አለ፣ እዚህ ጋ ጎማ አለ እላለሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ዳፍንት ነበረበት። ቀን እንደ ንስር የሚያይ ዓይኑ ሲመሽ አብሮ ይጨልማል። ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። አባቴ ቢያውቅ መሪ አያስነካውም ነበር፤ ዘመድኩን ደግሞ መሪ ካልነካ የሚሞት ይመስለው ነበር። «እህቴ፣ ውድድሩ እንደሆነ በጧት ነው፤ ምን ያስፈራሻል?» ብሎ አስምሏታል። እሷም በጉበት ይድናል ብላ ዝም አለች። ይድን ነበርም ይሆናል፤ ሁዳዴ ባይመጣ።

ሁዳዴ ገባ፣ ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ። በዚያው ሰሞን ፈረንጆቹ ረጅሙን ውድድር አወጁ፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ደርሶ መመለስ፣ በዚያው በጾሙ ውስጥ። ለነሱ ሁዳዴ ምናቸው ነው? አባቴ ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አጣ። እናቴ ግን እየመላለሰች የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር።

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«በጧት ይነሳሉ፣ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ይገባሉ። ምነው፣ ምሳቸው እንዳይበርድ ነው?» ይላታል አባቴ።

እኔም ምሳው ያሳሰባት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአንዋር መስጊድ በኩል በነጠላዋ ሥር የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች። ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ሽታው ግን አይዘጋም።

«እማዬ፣ ጾም ነው እኮ!»

«ከጎረቤት ነው የሚሸተው። ሂጂ ተጫወቺ።»

«ከጓዳችን ነው።»

«ሂጂ አልኩሽ!» እናቴ ጮኻብኝ አታውቅም ነበር።

እንዲህ እያለ ቀጠለ። ሳህኑን ለዘመድኩን ትሰጠዋለች፣ እሱ ተቀብሎ ወደ ጋራዡ ጀርባ ይወስደዋል። እኔ ግን ገባኝ። እናቴና አጎቴ ሁዳዴን ሽረዋል፣ ያውም ክርስቲያን ከማይነካው ቤት በመጣ ሥጋ። በዚያ ዘመን ክርስቲያን የሙስሊም ሥጋ በላ ማለት ሃይማኖቱን ለወጠ ማለት ነበር፤ ያኛውም እንዲሁ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ቀረች። እኔ አባቴን ተከትዬ ገባሁ። አሟት ነው አለኝ። እሱም እንደሱ ብላ ነግራው ነው።

ጋራዣችን ውስጥ ካምቢዮ የሚባል ውሻ ነበረን፤ ሲያጉረመርም እንደ አሮጌ ማርሽ ስለሚንቋቋ ሙናዊር ያወጣለት ስም ነው። በዚያ ጾም ካምቢዮ ወፈረ። ፀጉሩ አበራ።

«ሰው ሁሉ ጎኑ ሲገባ ይሄ ውሻ ምን በልቶ ነው?» አለ አባቴ።

«አይጥ ነዋ» አለ ዘመድኩን። «መርካቶ አይጥ ሞልቶ!»

እኔ ግን አይጥ አለመሆኑን አይቻለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ስሄድ ዘመድኩን ሳህኑን መሬት አስቀምጦ የካምቢዮን ራስ እያሻሸ ነበር። ውሻው ይልሳል። ዘመድኩን ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚያጫውተው መሰለኝ። ጠግቦ የተረፈውን ለውሻ የሚያካፍል ደግ ሰው ብዬ አለፍኩ። ለማንም አላወራሁም፤ የሚያወራ ነገር አልነበረውም።

የውድድሩ ቀን ገና ከጅምሩ ተበላሸ። ውድድሩን በባንዲራ የሚያስጀምረው ትልቅ ሰው ዘግይቶ መጣ፤ ቁርሱን ሳይጨርስ አይነሳም አሉ። መኪኖቹ ጧት መነሳታቸው ቀርቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ተነሱ። አባቴ ከዘመድኩን ጎን ተቀምጧል፤ መንገድ ላይ ሞተሩ ቢያስቸግር ብሎ ነው። እናቴ እየሮጠች በመስኮት በኩል ዘመድኩንን ያዘችው።

«ዛሬ ይቅር» አለችው፤ ሰምቻለሁ።

«ልቀቂኝ፣ ሰው ያየናል።»

«በልተህ ነበር አይደል?»

«በልቻለሁ አልኩሽ።»

እኔ ስለ ቁርስ የሚያወሩ መሰለኝ።

ከሰዓቱን ሁሉ ኮተቤ መንገድ ዳር ቆመን ጠበቅን። ሙናዊርና ሚስቱ ዘምዘም ከኛ ጋር ናቸው። ሸኖ ላይ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶት ሁሉም ቆመዋል የሚል ወሬ መጣ። ከዚያ ከየመንገዱ ወሬ በስልክ የሚቀበል አንድ ወታደር ወደኛ ዞረ። «ቀይዋ ሴቼንቶ ሰንዳፋን አልፋለች፤ አንደኛ ናት!» ሙናዊር ዘለለ። «ቦጌ! ቦጌ የመርካቶው!» ይላል፤ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ያቅፋል።

እናቴ አልዘለለችም። ፀሐይዋን ነበር የምታየው። እጄን እንዴት አድርጋ እንደጨመቀችው ዛሬም ይሰማኛል። ቀይ ሆና ስትወርድ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትለምናታለች። ዘምዘም ጠጋ ብላ በዝግታ ነጠላዋን ታስተካክልላታለች። ሁለቱም አይናገሩም። ሴቶቹ ለማሸነፋችን የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር።

ጨለመ። መብራት አብርተው አንዱ መጣ፤ ጣልያኑ ነው። ሌላው መጣ። ደግሞ ሌላ። እኛ የለንም። ሁሉም ገብተው ሰው መበተን ሲጀምር ሴቼንቶዋ ቀስ ብላ መጣች። መሪውን የያዘው አባቴ ነው።

ሰው ከበባቸው። «ምን ሆናችሁ?» «ማን መታችሁ?»

ዘመድኩን የመኪናውን ጣራ በእጁ ተደግፎ ወረደ። ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረ፤ ማንንም ግን አያይም። «ሞተሩ ጠፋብን» አለ። «ለገዳዲ ጋ ቀጥ አለ።»

«ሞተሩ?» አለ ሙናዊር። «የቦጋለ ሞተር?»

አባቴ ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ እጁን ጠረገ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ የመኪናዋ መብራት እጁ ላይ አርፎ ነበር። እጁ ንጹሕ ነው። መንገድ ላይ ታጥቦ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ለገዳዲ መንገድ ዳር ሞተር ፈትቶ የሠራ ሰው በምን ሳሙና ነው የሚታጠብ? ይህን ለመጠየቅ ግማሽ ዕድሜ ፈጀብኝ።

ቤት ስንገባ እኔን ከመጋረጃው ጀርባ አስተኙኝ።

«ቁልፉን አንድ ጊዜ ነው ያዞርኩት» ይላል አባቴ። «አንድ ጊዜ! ተነሳ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ፣ ምንም የለም። ራስህ ነህ ያጠፋኸው።»

ዘመድኩን ጫማውን ሲያወልቅ ይሰማኛል።

«ንዳ ስልህ አንተ ንዳ አልከኝ። አንደኛ ነበርን ሰውዬ! ማነው ያነጋገረህ? ጣልያኑ ነው?»

ዝም።

«ተናገር!»

እናቴ ብቻ ታለቅሳለች። እኔ የተረዳሁት ጣልያኑ መኪናችንን እንዳበላሸው ነው። ከዚያ በኋላ በሱቁ ፊት ባለፍኩ ቁጥር እተፋለሁ። ምስኪን፤ ሽማግሌ እስኪሆን ድረስ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዳለ ቀረ።

ዘመድኩን በማግስቱ ከቤታችን ወጣ። አባቴ ሞተሩ ደህና እንደነበር ለማንም አልተናገረም። ቢናገር የሚስቱ ወንድም ተሸጦ ውድድር ለቀቀ ሊባል ነው። ስለዚህ ስሙን ዋጠው። መርካቶ ደግሞ ወሬ አይጥልም። «የቦጋለ ሞተር ቀድሞ ይሄድና መንገድ ላይ ይጠፋል» አሉ። ልጆች መኪና መኪና ሲጫወቱ መሐል ላይ ቆመው «ቦጋለ!» ይላሉ፣ ይሳቃል። በሩ ላይ የተሰለፉት መኪኖች አንድ በአንድ ወደ ሌላ ጋራዥ ሄዱ። ሴቼንቶዋን ፈትቶ ሸጣት። በርዋን ምናለሽ ተራ ተደግፎ አይቼዋለሁ፤ ሌላ ሰው ቀለም ቀብቶት ነበር። ቡድናችን ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ዓመት አልሞላውም።

አባቴ ዘመድኩንን ሳያናግር ሞተ። ለቅሶው ድንኳን ደጅ ዘመድኩን መጥቶ ሲቆም፣ ያ ታዝሎ ያለቅስ የነበረው ጥጋቡ ጎልምሶ ነበርና ወጥቶ «አባቴን ሸጠህ ነው የምታለቅስለት?» ብሎ መለሰው። ጥጋቡም መካኒክ ሆነ። ጋራዥ ሲከፍት ሰሌዳው ላይ የአባቱን ስም አላስጻፈም። ለምን ስለው «የቦጋለ መንገድ ላይ ይጠፋል ይባላላ!» አለኝ፤ ሊስቅ ፈልጎ አቃተው።

እናቴ ደግሞ ስግደት ያዘች። ሁዳዴ ሲገባ ለራሷ ትጨምራለች፤ ጉልበቷ አብጦ ተዪ ብንላት አትሰማም። የቄሱ ንስሐ አልቆላት የራሷን ጨመረች። እኔ አባቴን አስባ ይመስለኝ ነበር። በበትር ስትሄድም ትሰግድ ነበር፤ ኋላ ተቀምጣ በግንባሯ ብቻ ትሰግዳለች።

እናቴን በቀበርን ሰሞን ዘምዘም መጣች። አርጅታለች፤ ሁለት ልጆች ደግፈው አስገቧት። ሰው እስኪቀንስ ጠብቃ እጄን ያዘች።

«እናትሽ አስምላኝ ነበር» አለችኝ። «አሁን ሄደች፣ መሐላውም ሄደ። ያን ጾም ሰፈር እንዳያይ አንዋር መስጊድ ጋ እየጠበቅኩ ጉበቱን የምሰጣት እኔ ነበርኩ። ለዘመድኩን ዓይን ነው። ሲመሽ አያይም ነበር። ቄሷን ጠየቀች፤ ለታመመ እንኳ ይፈቀዳል፣ ለመኪና ጨዋታ ግን አይሆንም አላት። ሥጋ ቤታችሁም ዝግ ነው። ኩነኔው በኔ ይሁን ብላ መጣች። ሳህኑን ስሰጣት እኔም አብሬያት አለቅስ ነበር፤ የኛ ሰው ሰምቶ ቢሆን እኔንም አይምረኝም።»

«ታዲያ ካየለት ለምን ቆመ?»

«አላየለትማ! የኃጢአት ሥጋ አበላሁት፣ እግዜር ዓይኑን ደፈነብኝ እያለች ነው የሞተችው።»

ዘምዘም የሰጠችኝን ከያዝኩት ጋር አገናኘሁት። ከሞቱትም ካሉትም ውስጥ ያን ውሻ ሲበላ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሐዘናችን ሳይወጣ ዘመድኩን ዘንድ ሄድኩ። እዚያው መሳለሚያ ጀርባ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። አሁን ቀኑም ጨልሞበታል። ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘሁት፤ ያ ሁሉ ፀጉር የለም።

«ማነው?»

«ሸዋርካብሽ ነኝ።»

«ሸዋዬ! ነይ ቁጭ በይ፣ እንግዲህ ሠርኬም…»

«ጋሼ፣ ጉበቱን ለካምቢዮ ነበር የሚሰጡት?»

እጁ ጉልበቱ ላይ ሄደ መጣ።

«አይተሽኝ ነበር?»

«ሰባት ዓመቴ ነበር እንጂ ዕውር አልነበርኩም።»

ክፉ ንግግር ነው፤ አልተጸጸትኩበትም።

«ተስዬ ነበር» አለ። «ጾሜን ካልሻርኩ ገብርኤል ያሳልፈኛል ብዬ። እሷ ደግሞ ሳህኑን ይዛ ታለቅሳለች። እንቢ ስላት ለቦጋለ እነግራለሁ ትላለች። ተቀብዬ ለውሻው ሰጠሁት። ለገዳዲ ስንደርስ መንገዱ ጠፋ። መንገዱ ብቻ አይደለም፤ የራሴ እጅ ጠፋ። አጠገቤ አባትሽ አለ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። አጠፋሁት።»

«ዓይኔ አያይም፣ አንተ ንዳ ማለት ምን ነበረበት? አንደኛ ነበራችሁ!»

«ሠርኬ እያወቀች ከጎኔ እንዳስቀመጠችው ሊያውቅ ነዋ! ይፈታት ነበር።»

«ለሷስ? ለእማዬስ? አልበላሁም ቢሏት ምን ነበር? በልቶ ነው የታወረው ብላ ጉልበቷን ጨረሰች!»

«ነፍስሽን አስይዘሽ ያመጣሽውን ውሻ በላው ልበላት? ብበላው እኮ አይ ነበር፣ ሸዋዬ። እሱን እንዴት ልንገራት?» አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ላጽናናው አልቻልኩም። ደክሞኝ ነበር። እሱ እሷን ደበቀ፣ እሷ እሱን ደበቀች፣ አባቴ ሁለቱንም ብሎ ስሙን ቀበረ። ከሦስቱ የቀረው ይሄ ነው፣ እሱም ነገ የለም። ሁለቱን ቀብሬ ጨርሻለሁ። ያልተቀበረው የአባቴ ስም ብቻ ነው።

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥር አላነብም፤ የልጅ ልጄ የጥጋቡን ፎቶ አድርጋበት በፎቶው ነው የምደውለው።

«ማን ጋ ነው የምትደውዪው?» አለኝ።

«ጥጋቡ ጋ።»

«ተይ! አያናግረኝም። አሁን ምን ያደርግለታል?»

«እሱን እሱ ይንገርዎት።»

ጠራ። ጥጋቡ አነሳው፤ ከበስተጀርባው መዶሻ ይጮኻል። «እትዬ፣ ምነው በደህና?» ሲል ስልኩን ዘመድኩን ጆሮ ላይ ለጠፍኩትና እጁን ወስጄ አስያዝኩት፤ እኔም ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ዘመድኩን ነኝ» አለ። «አትዝጋው። አትዝጋው ልጄ። ያን ጊዜ፣ ለገዳዲ… ሞተሩ አልጠፋም። ዓይኔ ነው የጠፋብኝ። ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አልገዛኝም። የአባትህ ሞተር ምንም አልሆነም ነበር።»

ከወዲያ መዶሻው ብቻ ነው የሚሰማው። አያናግረውም ብዬ ስልኩን ልቀበል እጄን ስዘረጋ ጥጋቡ «ዝም በሉ እስቲ!» ብሎ ሠራተኞቹ ላይ ሲጮህ ሰማሁ። መዶሻው ቆመ።

«ቆይ፣ ድምፁን ጮክ ላድርገው» አለ። «ልጆቹ ሁሉ ይስሙ። አሁን ድገመው።»

ዘመድኩን ጀርባውን ቀና አድርጎ ደገመው።